ትኩሳትና የጉሮሮ ሕመም ሲመጣ ኪኒኑ ይቁም፦ ስለ ታይሮይድ መድኃኒቶች የአንባቢያን ጥያቄዎች

በዚህ እትም መልስ የሰጠንባቸው ደብዳቤዎች ሁሉ የታይሮይድ ዕጢያቸው ከሚገባው በላይ ሆርሞን እያመነጨ ካስቸገራቸው ሰዎችና ከቤተሰቦቻቸው የደረሱን ናቸው። የሚጠየቀው በአብዛኛው ስለ ሦስት መድኃኒቶች ነው፤ ስለ ሜቲማዞል፣ ስለ ካርቢማዞልና ባጭሩ ፒቲዩ ስለሚባለው ፕሮፒልታዮዩራሲል። ሦስቱም እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ ወደ ሕክምና የገቡ ስለሆኑ ጥቅማቸውም ጉዳታቸውም ጠንቅቆ ይታወቃል። አብዛኛው ሰው ያለ ችግር ይወስዳቸዋል። ጥቂቶችን ግን ለሞት ለሚያሰጋ ጉዳት ይዳርጋሉ፤ ይህ ጉዳት ብዙውን ጊዜ ምልክት ስለሚያሳይ፣ ምልክቱን አውቆ ቶሎ የታከመ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይድናል። ሁለተኛውን መልስ ከሌሎቹ ያስረዘምነውም ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ሜቲማዞል በቀን 20 ሚሊግራም መውሰድ ከጀመርኩ ሁለት ሳምንት ሆነኝ። ልቤ አሁንም ይመታል፣ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ሌሊት ያልበኛል። መድኃኒቱ አልሠራልኝም ማለት ነው? ወደ 40 ላሳድገው?

መልስ፦ አያሳድጉት። ሜቲማዞል የሚያደርገው ዕጢው አዲስ ሆርሞን እንዳይሠራ ማገድ ነው። አስቀድሞ ተሠርቶ ዕጢው ውስጥ የተጠራቀመውን ሆርሞን ግን አይነካውም። ፋብሪካው ቢቆምም መጋዘኑ ሙሉ ነው፤ መጋዘኑ እስኪራቆት ድረስ ሆርሞኑ ወደ ደም መፍሰሱን ይቀጥላል። በዚያ ላይ ቲፎር የተባለው ሆርሞን ደም ውስጥ ከገባ በኋላ ግማሹ ለመወገድ ብቻ አንድ ሳምንት ገደማ ይፈጃል። ስለዚህ ብዙ ሰው ለውጡ የሚሰማው ከሁለተኛው ወይም ከሦስተኛው ሳምንት በኋላ ነው፤ የደም ምርመራው ልክ እስኪመጣ ከአራት እስከ ስምንት ሳምንት፣ ዕጢው በጣም ያበጠ ከሆነ ደግሞ ከዚያም በላይ ይቆያል።

የመነሻው መጠን የሚለካው ፍሪ ቲፎር (ደም ውስጥ ነፃ ሆኖ የሚገኘው ቲፎር) ከጤነኛው ጣሪያ በስንት እጥፍ እንደበለጠ ታይቶ ነው። እስከ አንድ ተኩል እጥፍ ከሆነ በቀን ከ5 እስከ 10 ሚሊግራም፣ ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት እጥፍ ከሆነ ከ10 እስከ 20፣ ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ከሆነ ከ30 እስከ 40 ሚሊግራም ሜቲማዞል ይታዘዛል። በራስ ፈቃድ እጥፍ መውሰድ መጋዘኑን አያራቁተውም፤ የሚጨምረው የጎንዮሽ ጉዳቱን ነው። በተለይ ቀጥለን የምንነግራችሁ የነጭ የደም ሴል መመናመን በሜቲማዞል ከመጠኑ ጋር አብሮ ያድጋል።

አሁን የሚያስጨንቅዎትን የልብ ምትና የእጅ መንቀጥቀጥ የሚያስታግሰው ሌላ መድኃኒት ነው፤ ፕሮፕራኖሎል። ከ10 እስከ 40 ሚሊግራም በቀን ሦስት ወይም አራት ጊዜ ይሰጣል፣ በሰዓታት ውስጥም ያሳርፋል። ካልታዘዘልዎ ሐኪምዎን ይጠይቁ። አስም ካለብዎት ግን ሳይናገሩ እንዳይቀበሉ፤ ፕሮፕራኖሎል የአየር ቧንቧን ያጠባል፣ የትንፋሽ እጥረቱም ለሕይወት ሊያሰጋ ይችላል። አስም ላለበት ሰው ሐኪሙ የልብ ምትን የሚያዘገይ ሌላ ዓይነት መድኃኒት ይመርጣል።

የመጀመሪያው የክትትል ምርመራ ከጀመሩ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ይደረግ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። በመጀመሪያዎቹ ወራት መታየት ያለበት ፍሪ ቲፎርና ሌላው የታይሮይድ ሆርሞን ቲስሪ ነው፤ ዕጢውን ሆርሞን እንዲሠራ የሚያዘው ቲኤስኤች ግን ሆርሞኑ ከተስተካከለ በኋላም ለወራት ዝቅ እንዳለ ሊቆይ ይችላል። ወረቀቱ ላይ «ዝቅተኛ» የሚለውን ብቻ አይቶ መድኃኒት የጨመረ ሰው ወደ ተቃራኒው በሽታ ይገባል። ብርድ ብርድ ማለት፣ የሆድ ድርቀት፣ የጡንቻ መጨማደድ፣ ድብታና ፈጣን የክብደት ጭማሪ መድኃኒቱ እንደበዛ ይጠቁማሉ። አንገት ላይ ያለው እብጠት ማደጉም አንዱ ምልክት ነው፤ ሆርሞኑ ከልክ በታች ሲወርድ ቲኤስኤች ይነሣና ዕጢውን ያሳብጠዋል። እብጠቱ ሲያድግ «በሽታው ባሰ» ተብሎ መድኃኒት መጨመር ነገሩን ያባብሰዋል። ትክክለኛው እርምጃ ተመርምሮ መቀነስ ነው።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ካርቢማዞል ሲጀምር «ጉሮሮህን ካመመህ ተመለስ» ተብሏል። እንግዲህ ጉንፋን በያዘው ቁጥር ሐኪም ቤት ሊመላለስ ነው? ሲሄድስ ምን ብሎ ይጠይቅ?

መልስ፦ የተባለው ነገር ከሕክምናው ሁሉ ዋነኛው ማስጠንቀቂያ ነው። እነዚህ መድኃኒቶች ከሺህ ሰው ከሁለት እስከ አምስት በሚሆኑት ላይ ኒውትሮፊል የተባሉትን ነጭ የደም ሴሎች በድንገት ያመነምናሉ። ኒውትሮፊል ባክቴሪያን ቀድሞ የሚዋጋ ሴል ነው፤ እሱ ከጠፋ አፍና ጉሮሮ ውስጥ ዘወትር ያለ ባክቴሪያ ያለ ተከላካይ ይሰራጫል። ለዚህ ነው የመጀመሪያው ምልክት ጉሮሮ ላይ የሚታየው፦ መዋጥ የሚያቅት ሕመም፣ የአፍ ውስጥ ቁስል፣ 38 እና ከዚያ በላይ የሆነ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ የሚል መንቀጥቀጥ።

አብዛኛው የሚከሰተው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን አይመጣም ማለት አይደለም። መድኃኒቱን አቁሞ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ እንደገና የጀመረ ሰውም ያው የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ስጋት ይመለስበታል። «ባለፈው ምንም አልሆንኩም» የሚለው ሐሳብ አያስተማምንም።

ትኩሳት ወይም ከባድ የጉሮሮ ሕመም ሲመጣ የሚደረገው በቅደም ተከተል ይህ ነው። በመጀመሪያ የሚቀጥለው ኪኒን አይወሰድ፤ ሐኪም እስኪያዝ አይጠበቅ። ቀጥሎ በዚያው ቀን ሲቢሲ የሚባለው የደም ሴሎች ቆጠራ ይሠራ፤ ሲታዘዝም ነጭ የደም ሴሎቹ በየዓይነታቸው ተቆጥረው እንዲመጡ ይነገር። ጠቅላላው የነጭ የደም ሴል ቁጥር ብቻ አይበቃም፤ የሚፈለገው የኒውትሮፊሉ ቁጥር ነው። ሐኪሙንም «የታይሮይድ መድኃኒት እወስዳለሁ፣ ኒውትሮፊሌ ይታይልኝ» ይበሉት። የመድኃኒቱን ስም ያልሰማ ሐኪም የሚያየው ተራ የቶንሲል ሕመም ነውና።

ውጤቱ ሲመጣ፣ በአንድ ማይክሮሊትር ደም ውስጥ ያለው ኒውትሮፊል ከ500 በታች ከሆነ ባለቤትዎ ሆስፒታል ተኝቶ በደም ሥር አንቲባዮቲክ መውሰድ አለበት። ከ500 እስከ 1000 ከሆነም መድኃኒቱ አይቀጥልም፣ ቁጥሩ በየጊዜው እየተቆጠረ ይጠበቃል። ከ1500 በላይ ከሆነ ሕመሙ ከመድኃኒቱ ጋር እንደማይገናኝ ታይቶ ሐኪሙ ያስቀጥለዋል። በመካከል ያለው ቁጥር ድጋሚ ቆጠራ ይፈልጋል። የታይሮይድ በሽታው ራሱም ኒውትሮፊልን በመጠኑ ዝቅ ሊያደርግ ስለሚችል፣ ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት የተሠራ ሲቢሲ ካለ ለማወዳደሪያ በጣም ይጠቅማል። ካልተሠራና ሕክምናው ገና ካልተጀመረ፣ ይሠራልኝ ብሎ መጠየቅ ይገባል።

መድኃኒቱ በጊዜ ከቆመ ሴሎቹ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ይመለሳሉ። ከዚያ በኋላ ግን ሦስቱም መድኃኒቶች ለዚያ ሰው ለዘለቄታው የተከለከሉ ናቸው፤ አንዱ ያመጣውን ሌላውም ሊያመጣው ይችላል። ቀሪው ምርጫ ዕጢውን በጨረር የሚያዳክመው ራዲዮአክቲቭ አዮዲን ወይም ቀዶ ሕክምና ይሆናል።

ሦስት ስሕተቶች ሰው ያስጎዳሉ። አንደኛው ፓራሲታሞል ወስዶ ትኩሳቱን እያበረዱ ሁለትና ሦስት ቀን መቆየት ነው። ሁለተኛው ከመድኃኒት ቤት አሞክሳሲሊን ገዝቶ ካርቢማዞሉንም አብሮ መቀጠል ነው፤ ሴሎቹን የሚያመነምነው ነገር እየገባ አንቲባዮቲኩ ብቻውን አያድንም። ሦስተኛው «ባለፈው ወር ሲቢሲዬ ደህና ነበር» ብሎ መዘናጋት ነው። የኒውትሮፊል ቁጥር በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊወርድ ስለሚችል የባለፈው ወር ውጤት ስለ ዛሬው አይናገርም።

ትኩሳት የሌለው፣ ጉሮሮ የማያምበት፣ ንፍጥና ማስነጠስ ብቻ የሆነ ጉንፋን አያስሮጥም። ከተጠራጠሩ ግን ያስቆጥሩ። ሌሊት ከሆነና ላብራቶሪ ከሌለ ኪኒኑን እስከ ጠዋት ዘልሎ ማለዳ መሄድ ይቻላል፤ በመጀመሪያው መልስ እንዳልነው የሆርሞኑ መውጣትና መግባት ዝግተኛ ነው፣ አንድና ሁለት ቀን መዝለል በሽታውን አይመልሰውም። ትኩሳቱ ከፍተኛ ከሆነ፣ ከተንቀጠቀጠ ወይም ከተዘባረቀ ግን ጠዋት አይጠበቅም፤ በሌሊቱ ድንገተኛ ክፍል ይግባ። የመድኃኒቱን ስም፣ የተጀመረበትን ቀንና «ትኩሳት ካለ ኒውትሮፊል ይታይ» የሚል ቃል በትንሽ ወረቀት ጽፎ ከመታወቂያ ጋር መያዝ ይረዳል።

ጥያቄ፦ ሜቲማዞል ከጀመርኩ በሦስተኛው ሳምንት ሰውነቴን ያሳክከኝ ጀመር። ክንዴ ላይ ቀያይ ሽፍታ አለ። ወደ ፒቲዩ ይቀየርልኝ ይሆን?

መልስ፦ ቀለል ያለ ሽፍታና ማሳከክ ከመቶ እስከ አምስት ሰው የሚያጋጥመው የታወቀ ነገር ነው። እንደ ሴቲሪዚን ያለ የአለርጂ መድኃኒት እየወሰዱ ሜቲማዞሉን ሲቀጥሉ ብዙ ጊዜ ይጠፋል። ካልጠፋ መቀየር ይቻላል። ፊት ወይም ከንፈር ካበጠ፣ ቆዳው ከተላጠ፣ ትኩሳት ከተጨመረ ወይም መገጣጠሚያ ካመመና ካበጠ ግን መድኃኒቱ ወዲያው ቆሞ ሐኪም ይታያል፤ እንዲህ ካደረገ በኋላ ወደ ፒቲዩ መዝለልም አይመከርም።

ሽፍታ የሌለበት ማሳከክ ሲሆን ጉበትን ማሰብ ያስፈልጋል። ሽንትዎ እንደ ሻይ ከጠቆረ፣ ዓይነ ምድርዎ ከነጣ፣ የዓይንዎ ነጭ ክፍል ቢጫ ከሆነ፣ ምግብ ካስጠላዎትና በቀኝ የጎድን አጥንት ሥር ካመመዎት ኪኒኑን አቁመው በዚያው ቀን የጉበት ምርመራ ያሠሩ። ሁለቱ መድኃኒቶች ጉበትን የሚጎዱበት መንገድ ይለያያል። ሜቲማዞልና ካርቢማዞል በአብዛኛው የሐሞት ፍሰትን ያግዳሉ፣ ሲቆሙም ቀስ እያለ ይሽራል። ፒቲዩ ግን የጉበት ሴሎችን ራሳቸውን ሊገድል፣ አልፎ አልፎም ጉበት መቀየር እስኪያስፈልግ ወይም እስኪሞቱ ሊያደርስ ይችላል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2010 ፒቲዩ ላይ ከፍተኛ የሚባለውን ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍ ያደረገው በዚህ ምክንያት ነው። ለሕፃናትና ለልጆች ሜቲማዞል እያለ ፒቲዩ አይታዘዝም። በአዋቂዎችም ፒቲዩ ቦታው ውስን ነው፤ የእርግዝና የመጀመሪያ ወራት፣ ሆርሞኑ በድንገት ገንፍሎ ሕይወት የሚያሰጋበት ሁኔታ፣ ሜቲማዞል የማይስማማውና ሌላውን ሕክምና የማይፈልግ ሰው። ስለዚህ ለክንድ ሽፍታ ብሎ ወደ ፒቲዩ መቸኮል ቀላሉን ችግር ለከባዱ መለወጥ ሊሆን ይችላል።

ወደ ጀርባ የሚዘልቅ ኃይለኛ የላይኛው ሆድ ሕመምና ማስታወክ ከመጣ ደግሞ የቆሽት መቆጣት ሊሆን ይችላል። በሜቲማዞልና በካርቢማዞል ላይ ተመዝግቧል፣ እምብዛም አያጋጥምም፤ ካጋጠመ ግን እነዚህን ሁለቱን እንደገና መውሰድ አይቻልም።

ጥያቄ፦ ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ ለግሬቭስ በሽታ (ሰውነት ራሱ የሚሠራው ፀረ እንግዳ አካል ዕጢውን ከልክ በላይ የሚያሠራበት በሽታ) በቀን 10 ሚሊግራም ሜቲማዞል እወስዳለሁ። ልጅ መውለድ እንፈልጋለን። መድኃኒቱን ላቁመው?

መልስ፦ እህታችን፣ ከማርገዝዎ በፊት መጠየቅዎ ትልቅ ነገር ነው፤ ዋናው ሥራ የሚሠራው ከእርግዝናው በፊት ነውና። ሜቲማዞልና ካርቢማዞል በእርግዝና ከስድስተኛው እስከ አሥረኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ከተወሰዱ በአንዳንድ ፅንሶች ላይ ጉድለት ያመጣሉ፦ የራስ ቅል ቆዳ በከፊል አለመኖር፣ የአፍንጫ የኋላ ቀዳዳ መዘጋት፣ የምግብ ቧንቧ መቋረጥ፣ የሆድ ግድግዳ አለመግጠም። ፒቲዩም ከጉዳት ነፃ አይደለም፤ የሚያደርሰው ግን ባብዛኛው የቀለለ ነው። ያልታከመ የሆርሞን ብዛት ደግሞ ውርጃን፣ ያለ ጊዜ መውለድን፣ የእናቲቱን የልብ ድካምና የደም ግፊት ያስከትላል። ስለዚህ «መድኃኒት ለፅንስ መጥፎ ነው» ብሎ ብቻ መጣል ከመድኃኒቱ የባሰ ጉዳት ሊያመጣ ይችላል።

ከሐኪምዎ ጋር የሚመካከሩባቸው መንገዶች አሉ። በሽታው ከተረጋጋ በኋላ ለመፀነስ መጠበቅ አንዱ ነው፤ ቢያንስ ሁለት ተከታታይ ምርመራ ደህና መሆን አለበት። ከእርግዝናው በፊት ወደ ፒቲዩ መቀየርም ይቻላል። ሦስተኛው ከእርግዝና በፊት በቀዶ ሕክምና ወይም በራዲዮአክቲቭ አዮዲን ጨርሶ መታከም ነው፤ አዮዲኑን ከመረጡ ግን ከዚያ በኋላ ቢያንስ ስድስት ወር ሳያረግዙ መቆየት ግድ ነው። እስኪወሰን ድረስ አስተማማኝ የወሊድ መከላከያ ይጠቀሙ።

የወር አበባዎ በጥቂት ቀን ከዘገየ ወዲያው የእርግዝና ምርመራ ያድርጉ፤ እርጉዝ ከሆኑ ቀጠሮዎን ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ወይም በማግሥቱ ሐኪምዎን ያግኙ። ከባዱ ጊዜ የሚጀምረው ስድስተኛው ሳምንት ላይ ነው፣ ሳምንቱ የሚቆጠረውም ከመጨረሻው የወር አበባ የመጀመሪያ ቀን ነው። የወር አበባ አንድ ሳምንት ሲዘገይ አምስተኛው ሳምንት ሞልቷል ማለት ነው፤ የቀረው ጊዜ በቀናት የሚለካ ነው። ሐኪሙ በሽታው ተረጋግቶ መጠኑ አነስተኛ ከሆነ መድኃኒቱን አስቁሞ በየአንድና ሁለት ሳምንቱ ደም ሊያይ ይችላል፤ መድኃኒት የግድ ከሆነ እስከ 16ኛው ሳምንት ፒቲዩ ይሰጣል። በእርግዝና ጊዜ ዓላማው ፍሪ ቲፎርን ጤነኛው ጣሪያ ላይ ወይም ከሱ ጥቂት ከፍ አድርጎ በሚቻለው ትንሹ መጠን መያዝ ነው። መድኃኒቱ ወደ ፅንሱ ስለሚያልፍ፣ እናቲቱን ፍጹም ለማስተካከል የበዛ መጠን የልጁን ታይሮይድ ያዳክመዋል። ሜቲማዞልን ሌቮታይሮክሲን ከተባለው የታይሮይድ ሆርሞን ኪኒን ጋር አዋሕዶ መስጠትም በእርግዝና የማይደረገው ለዚሁ ነው።

አንድ ነገር እንጨምር። ግሬቭስን የሚያመጣው ፀረ እንግዳ አካል፣ ሐኪሞች ትራብ የሚሉት፣ ዕጢዎ በቀዶ ሕክምና ወጥቶ ቢሆን እንኳ ደም ውስጥ ሊቆይና ወደ ፅንሱ ሊያልፍ ይችላል። ቀደም ሲል ግሬቭስ የነበራት እናት ሁሉ፣ ዛሬ ጤነኛ ብትሆንም፣ ለማህፀን ሐኪሟ ትንገር።

ጥያቄ፦ ጡት እያጠባሁ መውሰድ እችላለሁ?

መልስ፦ ይችላሉ። በቀን እስከ 20 ሚሊግራም ሜቲማዞል ለሚጠባው ልጅ ችግር እንደማያመጣ ይታወቃል። መጠኑን ከፋፍለው ልጁን እንዳጠቡ ወዲያው ይዋጡት፤ እስከሚቀጥለው ጡት ድረስ በወተቱ ውስጥ ያለው ይቀንሳል። የልጁን እድገትና ክብደት በመደበኛው የሕፃናት ክትትል ማየት ይበቃል።

ጥያቄ፦ ካርቢማዞል 20 ሚሊግራም ነበር የምወስደው፣ አሁን ጠፋ። መድኃኒት ቤት ያለው ሜቲማዞል ነው። ያው ነው ብለውኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ ሥራቸው ያው ነው፣ ሚዛናቸው ግን አይደለም። ካርቢማዞል ሰውነት ውስጥ ሲገባ ወደ ሜቲማዞል ይለወጣል፤ 10 ሚሊግራም ካርቢማዞል የሚሰጠው 6 ሚሊግራም ገደማ ሜቲማዞል ነው። የእርስዎ 20 ሚሊግራም በሜቲማዞል 12 ያህል ነው ማለት ነው፤ ሐኪሙ ወደ 10 ወይም ወደ 15 ያጠጋጋዋል። 20 በ20 ከተለዋወጡት መጠንዎ በሁለት ሦስተኛ ያህል ያድጋል። ከተቀየረ በኋላ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ውስጥ ደም ይታይ።

ፒቲዩ ከሆነ የተገኘው ልዩነቱ ሰፊ ነው። በግምት 1 ለ 20 ስለሆነ 10 ሚሊግራም ሜቲማዞል ከ200 ሚሊግራም ፒቲዩ ጋር ይስተካከላል። ሜቲማዞል በቀን አንድ ጊዜ ይበቃል፤ ፒቲዩ ግን ቶሎ ከሰውነት ስለሚወጣ በቀን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ተከፋፍሎ ይወሰዳል። ይህን ልውውጥ ያለ ሐኪም አያድርጉት።

ስሞቹንም ይጠንቀቁ። ታያማዞል የሚል ማሸጊያ ካዩ ሜቲማዞል ራሱ ነው፤ ሁለቱን የተለያዩ መስለውት አብሮ የወሰደ ሰው እጥፍ ወስዷል። ሌቮታይሮክሲን ግን ሆርሞን ላነሳቸው ሰዎች የሚሰጥ ሆርሞን ነው። «የታይሮይድ ኪኒን» ብሎ ብቻ የጠየቀ ሰው እሱን ይዞ ሊመለስ ይችላል፣ ሲወስደውም ሕመሙ ይብስበታል። ሁልጊዜ ባዶውን ማሸጊያ ወይም የሐኪሙን ወረቀት ይዘው ይሂዱ።

ጥያቄ፦ ከስድስት ወር በኋላ ደህና ሆንኩ፣ ክብደቴም ተመለሰ፣ እኔም አቆምኩት። አሁን ከሦስት ወር በኋላ ልቤ እንደገና መምታት ጀመረ። ስንት ጊዜ ነው የሚወሰደው?

መልስ፦ ደህና የሆኑት በመድኃኒቱ ነው፤ በሽታውን የሚቀሰቅሰው ፀረ እንግዳ አካል ግን በስድስት ወር ብዙ ጊዜ አይበርድም። ለግሬቭስ የተለመደው ከ12 እስከ 18 ወር ነው፤ መጠኑም በመካከሉ ወደ 5 ወይም 10 ሚሊግራም፣ አንዳንዴም ከዚያ በታች ይወርዳል። ከማቆም በፊት ትራብ ይለካል። ከጠፋ የማቆም ዕድሉ ጥሩ ነው፤ ገና ከፍ ብሎ ካለ ቢያቆሙት ይመለሳል። በአግባቡ ጨርሰው ካቆሙትም ግማሽ ያህሉ ሰው ይመለስበታል፣ አብዛኛውም በመጀመሪያው ዓመት። ትልቅ ዕጢ ያለው፣ ሲጋራ የሚያጨስና ሲጀመር ሆርሞኑ በጣም ከፍ ያለበት ሰው በሽታው ሳይመለስበት የመቅረት ዕድሉ ያንሳል። ማጨስ ግሬቭስ የሚያመጣውን የዓይን መውጣትም ያባብሳል፤ ከሕክምናው እኩል የሚጠቅመው ሲጋራውን መተው ነው።

ሲመለስ ሁለተኛ ዙር መድኃኒት ይቻላል፤ ትንሽ መጠን ሜቲማዞል ለዓመታት መውሰድም ተቀባይነት ያለው መንገድ ሆኗል። ራዲዮአክቲቭ አዮዲንና ቀዶ ሕክምናም አሉ። ዓይኑ የወጣና የሚያቃጥለው ሰው ግን አዮዲኑን ከመቀበሉ በፊት የዓይን ሐኪም ይየው፤ አዮዲኑ የዓይኑን ችግር ሊያብስ ይችላል። ሆርሞኑን የሚያመርተው በዕጢው ላይ የበቀለ እባጭ ከሆነ ነገሩ ይለያል፤ እባጩ በመድኃኒት ብቻ ስለማይድን ኪኒኑ ሲቆም ሁልጊዜ ይመለሳል ማለት ይቻላል። ዕጢው ተቆጥቶ የተጠራቀመ ሆርሞን እያፈሰሰ ከሆነ ደግሞ እነዚህ መድኃኒቶች ጭራሽ አይሠሩም፤ የሚያግዱት አዲስ ምርትን ነውና። ስለዚህ ሕክምና ከመጀመሩ በፊት «የኔ የትኛው ነው?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

በድንገት ማቆም አንዳንዴ ከልብ ምት የከፋ ነገር ያመጣል። መድኃኒት አቋርጠው ሳለ ኢንፌክሽን፣ ቀዶ ሕክምና ወይም ምጥ ከገጠመ ሆርሞኑ ገንፍሎ ከፍተኛ ትኩሳት፣ በጣም የፈጠነ የልብ ምት፣ ማስታወክ፣ ተቅማጥና መዘባረቅ ሊከተል ይችላል። ይህ በደቂቃ የሚታሰብ ድንገተኛ ሕመም ነው። ጠያቂያችን አሁኑኑ ፍሪ ቲፎርና ቲስሪ ያሠሩ፤ የተረፈውን ኪኒን በራስዎ አይጀምሩ፣ እንደገና ሲጀመርም ሁለተኛው መልስ ላይ ያልነው የትኩሳት ጥንቃቄ ከዜሮ ይቆጠራል።

ጥያቄ፦ ለጸጉሬ መነቃቀል ባዮቲን እወስዳለሁ። ከታይሮይድ መድኃኒቴ ጋር ይጋጫል?

መልስ፦ ከመድኃኒቱ ጋር አይጋጭም፣ ምርመራዎን ግን ሊያበላሽ ይችላል። በብዙ ላብራቶሪዎች መሣሪያ ላይ ባዮቲን ፍሪ ቲፎርንና ቲስሪን በሐሰት ያስነሣል፣ ቲኤስኤችን በሐሰት ያወርዳል። ውጤቱ ልክ በሽታው እንደተነሣ ይመስላል፣ መድኃኒትም ያስጨምራል። ደም ከመሰጠቱ ቢያንስ ሁለት ቀን በፊት ያቁሙት፤ መጠኑ በጣም ከፍተኛ ከሆነ ከዚያም ቀደም ብለው። ለጸጉርና ለጥፍር የሚሸጡ ቫይታሚኖች ብዙዎቹ ባዮቲን አላቸው፣ ማሸጊያውን ያንብቡ። በተረፈ የጸጉር መነቃቀሉ ከሆርሞኑ መዛባት ከመጣ፣ ሆርሞኑ ከተስተካከለ ከወራት በኋላ ይመለሳል።

ከባዮቲን በላይ የሚያሳስበው አዮዲን ነው። ከባሕር አረም የተሠሩ ኪኒኖች፣ ለሲቲ ስካን በደም ሥር የሚሰጠው ቀለም፣ አሚዮዳሮን የተባለው የልብ መድኃኒት፤ ሦስቱም ብዙ አዮዲን ይዘው ይመጣሉ። ሲቲ ስካን ሲታዘዝልዎ ስለ ታይሮይድዎ ይናገሩ።

ጥያቄ፦ አባታችን ልባቸው ባልተስተካከለ ምት ስለሚመታ ዋርፋሪን ይወስዳሉ። አሁን ሜቲማዞል ተጨመረላቸው። ምን እንጠብቅ?

መልስ፦ የደም ማቅጠኛው ልክ ይለወጣል። ታይሮይድ ሲበዛ ሰውነት የደም መርጊያ ፕሮቲኖችን ቶሎ ስለሚያጠፋ ትንሽ ዋርፋሪን ይበቃል። ሜቲማዞሉ ሆርሞኑን ሲያወርድ ያው መጠን ማነስ ይጀምራል፣ አይኤንአር (ደም ለመርጋት የሚፈጀውን ጊዜ የሚያሳየው ልኬት) ይወርዳል፣ ደም የመርጋት ስጋት ይመለሳል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ወራትና የሜቲማዞሉ መጠን በተቀየረ ቁጥር አይኤንአር ደጋግሞ ይለካ። ዲጎክሲን የተባለውን የልብ መድኃኒት ከሚወስዱ ተቃራኒው ነው፤ ሆርሞኑ ሲቀንስ ዲጎክሲን ሰውነት ውስጥ ይጠራቀማል፣ ማቅለሽለሽ፣ ቢጫ ሆኖ ማየትና የልብ ምት መዘግየት ምልክቱ ነው። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰውም ስኳሩ እንዳይወርድበት ይከታተል። ታይሮይድ ሲረጋጋ ያልተስተካከለው የልብ ምት በራሱ የሚመለስላቸው አሉ፤ ዋርፋሪኑን ግን ሐኪሙ ብቻ ነው የሚያቆመው።

ጥያቄ፦ አንድ ቀን ብረሳ በማግሥቱ ሁለት ልውሰድ?

መልስ፦ አይ። በዚያው ቀን ካስታወሱ ይውሰዱት፤ የሚቀጥለው ሰዓት ደርሶ ከሆነ ያለፈውን ትተው በተለመደው ይቀጥሉ። ፕሮፕራኖሎሉን ግን በድንገት አያቋርጡት፤ ልብ ምቱ በኃይል ይመለሳል፣ ሲቆምም በሐኪም ትእዛዝ ቀስ እያለ ይቀንስ። ከሁለት ሦስት ቀን በላይ ሜቲማዞል ካለፈዎት ለሚቀጥለው ምርመራ ሐኪምዎ እንዲያውቀው ቀኖቹን ይጻፉ፤ ካልሆነ ከፍ ብሎ የመጣው ፍሪ ቲፎር መጠኑ እንዳነሰ ተቆጥሮ ሳያስፈልግ ይጨመርልዎታል።